ደህና ነኝ የማይባልበት ደብዳቤ

ሃምሳ ሁለት ደብተር፣ ሃምሳ ሁለቱም አንድ ዓይነት። «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነኝ።» ከዚያ ስም ይጻፋል፣ ከሥሩ አበባ ይሳላል፣ አለቀ። እኔ እፀገነት፣ ካርቱም ውስጥ የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን አማርኛ ሳስተምር ስድስት ዓመቴ ነው። በስድስት ዓመት አንድም ልጅ ታሞ አያውቅም። ይስማው የሚባለው እንኳ ቀኝ እጁ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ሳለ፣ በግራው እየተንቀጠቀጠ «በጣም ደህና ነኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ጨጓራዬ የተላጠው በዚህ ነው እንጂ በካርቱም ሙቀት አይደለም።

ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ፤ ከእናቶቻቸው ነው። አብዛኞቹ ከወሎ መጥተው ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። አገር ቤት ሲደውሉ ወገባቸው ተቆርጦ እንኳ ቢሆን ደህና ነን ነው የሚሉት። ልጆቹ ይህንኑ እየሰሙ አደጉ። መንገድ ላይ አረብኛ፣ ቤት ውስጥ ግማሽ አማርኛ፣ ደብተር ላይ ደግሞ ይህቺው አንዲት ዓረፍተ ነገር። መምህርት በሉኝ ብል ብል እንኳ ኡስታዛ ነው የሚሉኝ፤ እሱን እንኳ ትቼዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩና ጠመኔው እስኪሰበር ሰረዝኩባት። ዛሬ ለአያቶቻችሁ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ፣ ቤት ውስጥ በእውነት የሆነውን ጻፉ፣ ደህና ነኝ ያለ ዜሮ ያገኛል አልኳቸው። ደግሞም እንደ ልማዴ፣ ለእናቶቻችሁ ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ አስፈርሙ አልኩ። ይህ የራሴ ብልሃት ነው። ብዙዎቹ እናቶች ፊደል ስላልቆጠሩ፣ ልጁ ሲያነብላቸው ሰምተው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ያትማሉ። ርእሰ መምህሩ ፊት ስንቴ ተኩራርቼበታለሁ።

ሲጽፉ ዛሂራ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። የአሥር ዓመት ልጅ ናት፣ ዝምተኛ፣ ካልጠሯት የማትናገር።

«ኡስታዛ፣ ስለ ሞተ ሰው መጻፍ ይቻላል?» አለችኝ።

ማን ሞተ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች በማስመሪያ ሲሰያየፉ እያየሁ ነበር። «እውነት ከሆነ ጻፊ። ብቻ ደህና ነኝ እንዳትይኝ፣ ያላ፣ ሂጂ» ብዬ መለስኳት። ሄዳ ጻፈች። ደወሉ ተደወለ፣ ደብተራቸውን ይዘው ወጡ፣ እኔም እፎይ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ጂብሪል ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ኦምዱርማን ገበያ ሱቅ አላቸው፤ የወሎ ሰዎችን እድር የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። ላባቸውን ጠርገው ከተቀመጡ በኋላ፣ የዛሂራ አያት፣ የእናቷ የዘኪያ እናት፣ ሰኞ ዕለት አገር ቤት ማረፋቸውን ነገሩኝ። ዘኪያ ገና አልሰማችም። ጀብራ ሰፈር በምትሠራበት ሰው ቤት ውስጥ፣ አይዞሽ የሚላት በሌለበት እንዳትሰማ ብለው ሰፈሩን ሁሉ ዝም አሰኝተዋል። ዓርብ ሥራ ስለሌለ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶው በወጉ ይነገራታል። እኔም እንድገኝ ሊለምኑኝ ነው የመጡት።

«ልጅቷ ግን ሰዎች ሲያወሩ ሰምታለች» አሉኝ። «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ ብለን አስምለናታል። ሦስት ቀን ይዛዋለች፣ ጎበዝ ናት።»

ክው አልኩ። አንድ ሰፈር ሙሉ ሦስት ቀን የደበቀውን ነገር፣ እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ አስጽፌ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላት ብዬ ቤት ሰድጄዋለሁ። ምነው አፌን በቆረጠው! ሐጂን መጣሁ ብያቸው ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

ዘኪያ ከሥራ የምትገባው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። ሪክሻ ውስጥ ዘልዬ ገብቼ ሹፌሩን እነዛሂራ ሰፈር፣ አል-ሳሃፋ አልኩት። ሰውዬው ግማሽ መንገድ ሄዶ መስጊድ አጠገብ አቆመና ሶላት ሰግጄ ልምጣ አለ። ምን ልበለው? አትስገድ አይባል። ኢንሻአላህ እንደርሳለን ብሎኝ ገባ። ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁ። ራሴን ተሳደብኩ፣ ሰሌዳውን ተሳደብኩ፣ እንዲያው ፊደል የሚባለውን ነገር ሁሉ ተሳደብኩ።

ስደርስ በሩ ክፍት ነው። ዘኪያ እግሯን በሳፋ እየታጠበች ሳቅ ብላ ተቀበለችኝ። አልሰማችም። በሩን ተደገፍኩ። ዛሂራ አልጋው ጫፍ ላይ ደብተሯን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ተቀምጣለች።

ዘኪያ ስሞታዋን ጀመረች። ከገባሁ ጀምሮ አንብቢልኝና ላትምልሽ ብላት እምቢ አለች፣ ዓይኔን አመመኝ ትላለች፣ ካላነበብኩ ደግሞ ኡስታዛ ዜሮ ትሰጠኛለች ብላ ታለቅሳለች አለችኝ። ልጅቷ መሐላዋን ከኔ ትእዛዝ ጋር ይዛ መሐል ላይ ቀርታለች። እኔን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እንኳን መጡ» አለች ዘኪያ። «ለእናቴ የጻፈችው አይደል? እስቲ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

ደብተሩን ከዛሂራ እጅ ተቀብዬ ገለጥኩት። እንዲህ ይላል፦

«አያቴ፣ ሰኞ ሞተሻል አሉ። እማማ አልሰማችም። ለእማማ አትንገሪ አሉኝ። ላንቺ ግን አትንገሪ አላሉኝም። ማታ እማማ ስትስቅ ሆዴን ያመኛል። እኔ ደህና አይደለሁም።»

ስድስት ዓመት የለመንኩት ይህንን ነበር። ዘኪያ እግሯን ከሳፋው አውጥታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ገጹ ላይ ዓይኔን ተክዬ ጀመርኩ።

«ለውድ አያቴ። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር አልሐምዱሊላህ በጣም ደህና ነኝ።»

ዛሂራ መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተከተለችኝ። ሃምሳ ሁለቱም በቃላቸው ይዘዋታል።

«ደብዳቤ እንዲህ ነው» አለች ዘኪያ ደስ ብሏት። «በሉ ከሥሩ ይጨምሩልኝ። ዘኪያም ደህና ናት፣ ለዒድ ትመጣለች ይበሉልኝ።»

ኪሴ ውስጥ የነበረው የማረሚያው ቀይ ብዕር ብቻ ነው። እኔ ደህና አይደለሁም ከሚለው ሥር፣ ዘኪያም ደህና ናት፣ ለዒድ ትመጣለች ብዬ ጻፍኩ። ዘኪያ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አጠገቡ አተመች። ዛሂራ ደብተሩን ወስዳ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አለችበት።