የእንቆቆው ልክ

እትዬ ሐጀራ ጸሎትን በክንዷ ይዘው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዷት። የአባቷ የጋሼ ዘውገ ሰልስት ነበር። ሰባተኛ ሰፈር ያለው ጠባብ ግቢያቸው በለቀስተኛ ሞልቷል።

«የቀብሩ ዕለት ልነግርሽ ነበር፤ አቃተኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከአባቷ ሱቅ ጎን ሠላሳ ዓመት ቅመም ሸጠዋል። «ዛሬም ዝም ካልኩ ግን አላህ ይጠይቀኛል።»

«ምኑን ነው?»

«አባትሽ እንቆቆውን ራሱ ይጠጣ ነበር።»

«ኮሶ ይዞት?»

«ምንም ሳይዘው።»

ጋሼ ዘውገ እንቆቆ ሲሸጥ ሚዛን አይነካም። የመጣውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል፤ አቅሙን ይገምታል፤ ከዚያ ፍሬውን በመዳፉ ይሰፍርለታል። አውቶቡስ ተራ የሚወርድ ያገር ቤት ሰው ስሙን እየጠየቀ ይመጣ ነበር። ጸሎት ፋርማሲ ተምራ ምርምር ቤት ስትገባ፣ ከዚያው ፍሬ ውስጥ ትሉን የሚገድለውን ነገር ለይቶ ማውጣት ሥራዋ ሆነ። ፍሬውን ትፈጫለች፣ አልኮል ውስጥ ትዘፈዝፋለች፣ ታጠላለች፣ አልኮሉን ታተናለች። መጨረሻ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ይቀራል። አንድ ቀን ከዱቄቱ በትንሽ ጠርሙስ አምጥታ አሳየችው።

«እኔ ስሸጥ የኖርኩት ይሄን ነው?» አለ፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ። ቀኑን ሙሉ ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳይ ዋለ።

አምና ግን ሌላ ወሬ ይዛለት መጣች።

«አባዬ፣ ካንተው ሱቅ የወሰድኳቸው ሁለት እፍኞች እኩል አይደሉም። አንዱ ውስጥ ያለው መድኃኒት የሌላውን ሦስት እጥፍ ነው። መዳፍህ ይሄን አያውቅም። ሰው ልትጎዳ ትችላለህ።»

አልተከራከራትም። በማግስቱ እንቆቆውን ከሱቁ ደጃፍ አነሳው። ጸሎት ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሏት ደስ ብሏት ነበር።

«ከዚያ ወዲህ ሰላም አልነበረውም» አሉ እትዬ ሐጀራ። «‹ስንቱን ጎድቼ ይሆን?› ይለኛል። ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ በማንኪያ ለክቶ፣ በጥብጦ፣ በባዶ ሆዱ ይጠጣል። ‹ዛሬ ሁለት ማንኪያ ነው፤ ዓይኔ ትንሽ ብዥ አለ› ይለኛል። ልኩን አግኝቶ ላንቺ ሊነግርሽ ነበር ሐሳቡ።»

«ለምን ያህል ጊዜ ጠጣ?»

«አራት ወር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አስምሎኛል። ከሰማች ሥራዋን ትተወዋለች አለኝ።»

የሆስፒታሉ ሐኪሞች ለጸሎት ሕመሙ የኩላሊት ነው ብለዋት ነበር። የወሰደው ባህላዊ መድኃኒት እንዳለ ሲጠይቁ «የለም፤ እኔ ልጁ ባለሙያ ነኝ» ብላ የመለሰችው እሷ ናት። አባቷ አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቷታል። ለአፍታ አያት፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደክሞት መስሏት ብርድ ልብሱን አለበሰችው።

«እሱ ይሆን የገደለው?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ጸሎትም አታውቅም። ከእንግዲህም የምታውቅበት መንገድ የለም።

ወደ ድንኳኑ ስትመለስ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ በእጃቸው ፌስታል ይዘዋል።

«የዘውገ ቤት ይሄ ነው? ሱቁ ተዘግቶብኝ ነው» አሉ። «ኮሶ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ እንቆቆ እንዲሰፍርልኝ ከሞጣ ነው የመጣሁ።» ከዚያ ድንኳኑን ልብ ብለው አዩና ኮፍያቸውን አወለቁ። «ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ጸሎት የሽማግሌውን እጅ ይዛ ወደ ለቀስተኞቹ አግዳሚ ወንበር ወሰደቻቸው፤ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠችና ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላቸው።