የአሰላው አውቶቡስ አይጠብቅም

ሚኪያስ ማይክ ከያዘ ሰው አይምርም። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አለቃ እሱ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ዜና ሲያነብ እንኳን አንዱን ሳይነካ አያልፍም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል የስንብት ቀን ላይ “የዛሬ አስር ዓመት የት እንገኛለን?” የሚለውን ትንቢት የሚያነበው እሱ መሆኑ ሲነገር፣ ነጭ ቲሸርታችንን ለብሰን በማርከር ጀርባችን ላይ እየተፈራረምን፣ አንዳችን የሌላውን ጉድ ለመስማት ጓጉተን ተቀመጥን።

እኔም ጓጉቼ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ? የገርባ ሲነበብ እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅኩት። ገርባ ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነቅቶ አያውቅም። “ገርባ አብራሪ ይሆናል” አለ ሚኪያስ፣ “አውሮፕላኑ መድረሱን ተሳፋሪዎቹ ቀስቅሰው ይነግሩታል።” ቀጥሎ ያደታ። ያደታ ግማሽ ማርክ ለማስጨመር አስተማሪ ቤት ድረስ የሚሄድ ልጅ ነው። “ሚስቱ ስትወልድ ልጁ ሦስት ኪሎ ነው ይሉታል። ሦስት ተኩል ካልተደረገልኝ አልወስድም ብሎ ሐኪሙን ያደርቀዋል።” ክፍል ውስጥ ቆሎ ስትቆረጥም የምትውለው ዋፊቃ ደግሞ ፓርላማ ገባች፤ ድምፅ ሲሰጥ አፏ ሙሉ ስለሆነ ሁልጊዜ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ይያዝላታል። የክፍላችንን ኃላፊ ቲቸር አብተውንም አልተዋቸውም። ቲቸር ስለምንም ነገር ሲያወሩ “ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል” ማለት ይወዳሉ፤ ጡረታ ወጥተው ለልጅ ልጃቸው ተረት ሲነግሩም እንደዚያው ይላሉ ተባለ። ራሳቸውም ሳቁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“የኤቢሴ ትንቢት አስር ዓመት አይፈጅም” አለ። “የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ለፈተና ወደ አሰላ የሚወስደን አውቶቡስ ጥሏት ይሄዳል። ባጃጅ ይዛ እስከ ዴራ ታባርረዋለች። አሰላ ስትደርስ እኛ ጨርሰን እየወጣን ነው፤ እሷ በሩ ላይ ትቆምና…” ማይኩን ወደ ልጆቹ አዞረ። ግቢው በሙሉ በአንድ ድምፅ “ቲቸር፣ ልግባ?” አለ።

ወይ ጉድ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የክፍሉን በር ገፋ አድርጌ “ቲቸር፣ ልግባ?” ያልኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት አላወራም። ግን ከሁሉም ያቃጠለኝ የልጆቹ ሳቅ አልነበረም። ወላጆች ተጋብዘው ነበር፣ እናቴም ከአትክልት ተራ በቀጥታ መጥታ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ዞር ብዬ ሳያት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። እማዬ! በማን ምክንያት የምዘገይ መስሏት ነው? ከባቱ ቲማቲም የጫነው አይሱዙ በየጠዋቱ ሲመጣ ሳጥኑን አብሬያት የማወርደው እኔ፣ ወገቧን ስለሚያማት ከባዱን የማነሳው እኔ፣ ከዚያ እጄን ታጥቤ ዩኒፎርሜን እየቆለፍኩ የምሮጠው እኔ!

ለክፍል ልጆች ተናግሬ አላውቅም። ለምን ልንገራቸው? ይዘኑልኝ ብዬ? ሙድ ቢይዙብኝ ይሻለኛል። የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ተነስቼ ሄድኩና ማይኩን ከሚኪያስ እጅ ነጠቅኩት።

“ስሙ!” አልኩ። ማይኩ ጮኸ፣ ሰው ጆሮውን ያዘ። “በፈተናው ቀን ከሁላችሁም ቀድሜ ካልደረስኩ ኤቢሴ አትበሉኝ!”

ሳቁ ባሰ። ሚኪያስ ራሱ ጉልበቱን ይዞ ነው የሳቀው።

ማታ እናቴ “ምን ያስኮርፍሻል? ቀልድ እኮ ነው” አለችኝ። እኔ ግን ቀልድ ሆኖ አልታየኝም። ፈተናው የሚሰጠው አሰላ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። የምንገባው በቡድን፣ በአጃቢ ፖሊስ፣ ተፈትሸን ነው፤ አውቶቡሱ ያመለጠው ልጅ በራሱ ሄዶ ልግባ ቢል የሚሰማው የለም ተብለናል። ለከርሞ ነው። ከርሞ ማለት ደግሞ ለኔ ሌላ ዓመት ሳጥን ማውረድ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። እዚያው አትክልት ተራ ሴት ልጆች አሉ፣ “ለከርሞ እፈተናለሁ” ብለው የቀሩ፤ ዛሬ ልጅ አዝለው ሽንኩርት ይመድባሉ። እነሱን አልናቅኩም። እኔ ግን አልፈልግም።

በመሄጃችን ቀን ወፍ ሳይንጫጫ ተነሳሁ። ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ አድሯል። እናቴ በመኝታዋ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

“አይሱዙው ዛሬ ይመጣል?” አልኳት።

“ቢመጣ ምን አገባሽ? ሰው እለምናለሁ። ሂጂ” አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። “ያን ቀን የሳቅኩት አፍሬ ነው፣ የኔ ልጅ። ሂጂ በቃ፣ እንዳታለቅሺብኝ።”

አላለቀስኩም፣ ጊዜ አልነበረኝም። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። በሚኪያስ ቤት ፊት ሳልፍ የነሱም በር ዝግ ነበር፤ ‘ተኛ አንተ፣ እኔ ቀደምኩህ’ ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ትምህርት ቤቱ ስደርስ ዘበኛው አባባ ጆቴ በሩን ገና እየከፈቱ ነበር። አይተውኝ ደነገጡ።

“ኤቢሴ! ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽ፣ ልጄ? ቤት ሰላም አይደለም?”

“ሰላም ነው አባባ። ለፈተና ነው የመጣሁት።”

“አንቺ? አሁን?” አሉና ወደ ሰማዩ አዩ፤ ከዚያ በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈቱልኝ። ለኔ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የመጀመሪያው ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ማንም የለም። ከፊት ወንበር ያዝኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየገቡ እኔን ሲያዩ በሩ ላይ ይደርቃሉ። ዋፊቃ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ፣ እውነት መሆኔን ለማረጋገጥ። ያደታ “ከትናንት ማታ ጀምረሽ ነው እንዴ?” አለኝ። አቤት ደስታዬ! እንደ ሙሽራ ነበር የተቀመጥኩት።

ፀሐይ ወጣች፣ ወንበሩ ሞላ። ቲቸር አብተው ስም ጠሩ። “ሚኪያስ!” ዝም። “ሚኪያስ!” ዝም።

ይበለው! እውነቱን ነው የምናገረው፣ መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቲቸር ስልክ ደወሉለት፤ ዝግ ነው። ፈተና ላይ ሞባይል ክልክል ስለሆነ ሁላችንም ስልካችንን ቤት ትተናል። አብራው የምትኖረው እህቱ ሶሲ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ትሠራለች፤ የሌሊት ፈረቃ ገብታለች፣ የሷም ስልክ አይነሳም። አጃቢው ፖሊስ ሰዓቱን አይቶ “አንጠብቅም፣ ሌሎቹ አውቶቡሶች መንገድ ጀምረዋል” አለ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ።

ያኔ ከኋላዬ የተቀመጠው ገርባ፣ የሚኪያስ የወንበር ጓደኛ፣ ጭንቅላቱን ያዘ።

“ወይኔ! እሱ እኮ አንቺን እየጠበቀ ነው።”

“እኔን? ለምን?”

“አንቺ እየሮጥሽ በበራቸው ስታልፊ አይቶ ነው የሚነሳው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ሻዩን ይዞ በሩ ላይ ይቀመጣል፤ አንቺ ስታልፊ ብድግ ይልና ይከተልሻል። አባባ ጆቴን ለምነሽ እስክታስከፍቺ ይደርስብሽና በሩ ሲከፈት እሱም ሹልክ ይላል። ኤቢሴ ካለፈች ሰዓቱ ደርሷል፣ ካላለፈች ገና ነው ይላል። ዛሬ አላየሽማ!”

ለመሳቅ አፌን ከፈትኩ፣ ሳቁ ግን አልመጣም። በተዘጋ በር ፊት ለፊት በጨለማ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ያ ጅል አሁን ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ሻንጣውን አጠገቡ አስቀምጦ፣ እኔን እየጠበቀ ዓመቱ ሊያልፈው ነው።

ተነሳሁ። “ቲቸር፣ ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ቅርብ ነው። አምጥቼው ልምጣ።”

“ኤቢሴ፣ ተቀመጪ። አውቶቡሱን ላስቆምልሽ አልችልም። ከሄደ ይሄዳል” አሉኝ።

“እመጣለሁ” አልኩና ዘለልኩ።

ባጃጅ ብፈልግ አንዲት የለችም። ሮጥኩ። ያን መንገድ ወደ ትምህርት ቤት እንጂ ከትምህርት ቤት ሮጬበት አላውቅም። ሚኪያስ ገርባ እንዳለው በሩ ላይ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ብስኩት ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። ከማዶ ስመጣ ሲያየኝ ዓይኑ ፈጠጠ።

“በዚያ በኩል ደግሞ ምን ትሠሪያለሽ?” አለ። “ገና አላለፍሽም እኮ!”

“አልፌያለሁ! ተነስ! አውቶቡሱ ሞተር አስነስቷል!”

“አትቀልጂ።”

“ሚኪያስ፣ እኔ ማይክ ይዣለሁ? ተነስ!”

ፊቴን ሲያይ ያመነኝ መሰለኝ፤ ብርጭቆውን እዚያው ጣለው። ሻንጣውን እኔ ነጠቅኩት፤ ሳጥን ለለመደ እጅ ምን ይከብዳል። ግን ሚኪያስ መሮጥ አይችልም! ማይክ ላይ አንበሳ የሆነ ልጅ ጥቂት እንደሄደ ጎኑን ይዞ ቆመ።

“አንቺ ሂጂ” አለኝ እያለከለከ። “በእኔ ምክንያት እንዳትቀሪ። ሂጂ በእማምላክ!”

“ዝም ብለህ ና!” አልኩና ፊት ፊቱን ሮጥኩ።

መታጠፊያው ላይ ስደርስ አውቶቡሱ ከግቢው ወጥቶ አስፋልት ሊይዝ ነው። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ደረስኩበት፣ በሩን ደበደብኩ። ተከፈተ። ቲቸር አብተው እጃቸውን ዘርግተው “ግቢ! ቶሎ ግቢ!” አሉኝ። ዞር አልኩ። ሚኪያስ ገና ከሩቅ እየተንገዳገደ ነው። ከገባሁ በሩ ይዘጋል፣ እሱም ይቀራል። አልገባሁም። ሻንጣውን ወደ ውስጥ ወርውሬ አውቶቡሱን ዞርኩና ከፊቱ፣ አስፋልቱ መሃል እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

ሾፌሩ ክላክሱን አስጮኸው። ፖሊሱ ወረደ።

“ከመንገድ ውጪ! ምን ሆነሽ ነው አንቺ?”

“አንድ ልጅ ቀርቷል፣ እየመጣ ነው። ይኸው ይታያል።”

“አሁን ካልገባሽ አንቺም ትቀሪያለሽ።”

“እቀራለሁ” አልኩት። ፈርቻለሁ፣ አልደብቅም፤ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታየችኝ። ግን አልተነቃነቅኩም። ቲቸር አብተው በመስኮት ሲያዩኝ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱና አጠገቤ ቆሙ። ፖሊሱ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰዓቱን አየ፤ ፊቱን አዞረ። ሚኪያስ አንድ ጫማውን በእጁ ይዞ ደረሰ።

እሱን ገፍቼ አስገባሁት፣ እኔ ከኋላው ገባሁ። ከወደ ኋላ አንዱ “ኤቢሴ ዛሬም የመጨረሻ!” ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ያን ሁሉ ሮጬ፣ ያን ሁሉ ቀድሜ መጥቼ!

ሚኪያስ ብረቱን ተደግፎ ዞረ። ትንፋሹ ተቆራርጧል።

“ዝም በሉ” አለ። ቀልድ መስሏቸው የበለጠ ሳቁ። “ዝም በሉ አልኩ! ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ በሩን ስታስከፍት ከጀርባዋ የምገባው እኔ ነበርኩ። እናንተ እሷን አይታችሁ ስትስቁ እኔ ወንበሬ ላይ እደርሳለሁ። ማንም እንዳያየኝ ሳቁን ቀድሜ የምጀምረውም እኔ ነኝ። ስንብቱ ቀንም ያው ነው ያደረግኩት።” ቆመና አየኝ። “ይቅርታ ኤቢሴ።”

የዋፊቃ ቆሎ እንኳን ዝም አለ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ማይኩን የነጠቅኩ ቀን ያልወጣው እንባ በሙሉ ወጣ። ማንም አልሳቀም። ወንበሬን ሌላ ይዞታል፤ ገርባ ተነስቶ የራሱን ለቀቀልኝ።

ሚኪያስ እግሬ ስር፣ ሻንጣው ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ “ነገ ጠዋት ለእንግሊዝኛው ስትነሺ ትጠሪኛለሽ?” አለኝ።

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። “አልጠራህም” አልኩት። “ራስህ ተነስ። እኔ ፈተና አለብኝ።”

አውቶቡሱ አስፋልቱን ያዘ። ሻንጣዬን ከፍቼ ማስታወሻዬን አወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ።