ከእራት በፊት የታዘዘ ቡና

ብርቱካንማ ደግሞ፣ ከሁሉም የባሰው የመጠጡ ቀለም ነው፣ ወደ ሰው ሆድ የሚገባ ነገር እንዲህ ያለ ቀለም ሊኖረው አይገባም፣ ይህ የነፍስ አድን ጀልባ ቀለም ነው፣ ሰው ሲሰጥም ከሩቅ እንዲታይ የሚቀባ፣ ኔሬዎ አርባ ዓመት ሙሉ መርከብ ውስጥ ለውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲዘረጋ ኖሯል፣ ያን ቀለም በባልዲ አይቶታል፣ ሲጠጣ ግን አላየም፣ እዚህ ፓዶቫ ይኸው ይጠጡታል፣ አደባባዩ ሙሉ፣ በየጠረጴዛው እንደ ፊኛ የተነፋ ብርጭቆ፣ በረዶው እስከ አፍ ድረስ፣ የብርቱካን ቁራጭ፣ ጭራሽ ስትሮ። ስትሮ! ሠላሳ ሁለት ጥርስ ያለው ጎረምሳ በስትሮ ይመጠምጣል፣ ለምን ጡጦውን አይሰጡትም። በእሱ አገር፣ በትሪየስቴ፣ ከእራት በፊት የሚጠጣው ነጭ ወይን ነው፣ ላዩ ላይ ጋዝ ያለው ውሃ ጠብ ይደረግበታል፣ አለቀ፣ ኦስትሪያውያን ያን ትተውልን ሄዱ፣ ከዚያ ወዲህ የሚሻሻል ነገር አልተገኘም። ወይን ላይ ቀለም የሚደፋ ሰው በወይኑ የሚያፍር ሰው ነው። ይህን ለአስተናጋጁ ሊነግረው ያስባል፣ ይተወዋል፣ ምን አገባው፣ ይጠጡ፣ ይቀቡ፣ ከፈለጉም ይላጩበት።

ሆዱ ይጮኻል። ማዶ ድንኳኑን ያላጠፈው አንድ ሻጭ ብቻ ነው፣ ትናንሽ ኦክቶፐስ ቀቅሎ በመቀስ እየቆረጠ በሳህን የሚሰጠው ሰውዬ፣ እንፋሎቱ ነፋስ በመጣ ቁጥር ኔሬዎ አፍንጫ ሥር ይቀመጣል፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ መጫወቻ ያደርገዋል። ጠዋት ወተት በቡና በዳቦ ቁራጭ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም፣ ባቡሩ ላይ ሳንድዊች የያዘች ሴትዮ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። ለምን አልበላም? ለእራት ቦታ ትቶ ነዋ። ጅል። ማን እራት ብሎ ጠራህ?

አንድ ነገር እንጠጣ ነው ያለችው ፉልቪያ፣ ልጁ፣ አንድ ልጁ፣ ኀሙስ አስራ ሁለት ተኩል ላይ አደባባዩ ላይ አንድ ነገር እንጠጣ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የጻፈችለት ይህን ነው፣ ስልኩ ላይ ስንት ጊዜ እንዳነበበው እሱ ያውቃል። አንድ ነገር። ሰው የሚወደውን ሰው እራት ይጠራል፣ የኢንሹራንስ ወኪሉን፣ የቀድሞ አለቃውን፣ ድንገት መንገድ ላይ ያገኘውን የክፍል ጓደኛውን ደግሞ ለአንድ ብርጭቆ ይጠራል፣ ለብርጭቆ የተጠራ ሰው ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮቱን ለብሶ ይሄዳል፣ ይህን ከሚላን እስከ ፓሌርሞ የማያውቅ የለም፣ ለዚህም ነው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የሚመለሰውን ባቡር አስቀድሞ አይቶ የመጣው፣ እንዳይለምን፣ ልቆይ ወይ እንዳይል። ኢርማን ግን ማየት ይፈልጋል። የልጅ ልጁን፣ አራት ዓመቷ ነው፣ በየገናው ያለ አንድ ቃል ከሚላክለት ፎቶ በቀር አያውቃትም፣ ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም፣ አንድ ጊዜ ቤታቸው ገብቶ ገበታው አጠገብ ቁጭ ብሎ ያቺ ልጅ ስትበላ ማየት። ይህን ለማንም አይናገርም። ለራሱም ቶሎ ነው ያለፈው።

ከጎኑ ያሉት ሁለቱ መንገደኞች ብርጭቆአቸውን እያነሱ ፎቶ ያነሱታል፣ ባልየው ከላይ፣ ሚስትየዋ ከጎን፣ ፀሐይ ያቃጠለው አፍንጫ፣ ጎጆ የሚያህል የጀርባ ቦርሳ፣ አንድ ቦታ አንብበው ነው፣ ጣሊያን ከሄዳችሁ እንዲህ ሳታደርጉ እንዳትመለሱ ተብለው፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ሴትየዋ ወደ እሱ ዘንበል ትላለች፣ በተሰባበረ ጣሊያንኛ፣ ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ እኛ ይህን ልክ እናደርጋለን? ልክ እያደረጋችሁ ነው እመቤቴ፣ ይላታል ኔሬዎ፣ አፉ ጨዋ ነው፣ ልቡ ግን ምን ልክ አለ ይላል፣ ቺፕሱን እንደ ምሳ የምትሰለቅጪ፣ ሦስተኛ ሳህን ያስመጣሽ፣ ያ እኮ አፍ ማሟሻ ነው፣ ሁለት ፍሬ ተወስዶ የሚተው፣ እናንተ እራታችሁን በልታችሁ ጨርሳችሁ የምግብ ፍላጎት መቀስቀሻ ጠጣን ብላችሁ አገራችሁ ትገባላችሁ። ሴትየዋ የወይራውን ሳህን ትገፋለታለች። አረንጓዴ ወይራ፣ ወፍራም፣ ጨው የጠጣ። እጁ ከጠረጴዛው ተነሣ፣ የራሱ እጅ፣ ሳያስፈቅደው። አመሰግናለሁ፣ ቅድም በልቻለሁ። ሴትየዋ ፈገግ ብላ ሳህኑን ወደ ባሏ መለሰች፣ ባልየው ሦስት በአንዴ ጎረሰ፣ ዕድሜ ለጥርሱ።

ኩራት እራትህ ነው ትለው ነበር ኖርማ፣ ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፉልቪያ ሳታገባ ነው የሞተችው፣ እሷ ብትኖር ያን ቀን እግሩን ትረግጠው ነበር፣ በጠረጴዛ ሥር፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ተረከዟን አውራ ጣቱ ላይ። ማንም አልረገጠውም። የሠርጉ ዕለት፣ ከገበታ በፊት፣ በሙሽራው አባት ግቢ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ብርጭቆ ይዞ፣ የሙሽራው አባት ወይን አብቃይ ነው፣ በገዛ ወይኑ ላይ ያን ቀይ መራራ ነገር ቀላቅሎ በትሪ እያዞረ፣ ቅመስ እንጂ ኔሬዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ ነን፣ ኔሬዎም ቀመሰ፣ እኛ አገር በዚህ የመርከብ ሆድ እንቀባለን አለ፣ ሳቁ፣ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፣ አላቆመም፣ ሲሳቅለት መቼ አቁሞ ያውቃል፣ ልጄን ያሳደግኳት ቀለም ለሚጠጡ ገበሬዎች ነው እንዴ አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። አልቪዜ፣ ሙሽራው፣ ያ የሻወር ቤት ሴራሚክ የሚሸጥ ለፍላፊ፣ የዚያን ቀን ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ የአባቱን ትሪ ተቀብሎ ማዞሩን ቀጠለ፣ ያ ነው ኔሬዎን ያናደደው፣ ቢሰድበው ይሻል ነበር። ሾርባው ሳይቀርብ ወጣ። ባቡር ላይ ሆኖ ልክ ነኝ አለ፣ ቤቱ ገብቶም ልክ ነኝ አለ፣ ስድስት ዓመት ልክ ሆኖ ብቻውን እራቱን በላ። የናቁት ያስረግዛል ይባላል፣ ይኸው፣ ኢርማ።

ምን ልታዘዝ ጋሼ፣ አስተናጋጁ ነው፣ ሆዱ ከሰደሪያው ቀድሞ የሚደርስ፣ ቀዩን ነው ብርቱካኑን? ቡና፣ ይላል ኔሬዎ። ቡና? ቡና፣ በሲኒ የሚጠጣ፣ ጥቁር፣ ፓዶቫ አልደረሰም እንዴ? ደርሷል ጋሼ፣ ሰዓቱ ነው ያልደረሰለት፣ እራት በልተው ጨርሰው ነው ወይስ ምሳዎ ነው የዘገየው? የአንተ ሥራ ማምጣት ነው። እሺ እሺ፣ አይቆጡ፣ ሆዱ ዞረ፣ እግሩ ተከተለው፣ አንድ ቡና፣ ብሎ ወደ ውስጥ ጮኸ፣ ለአንድ የቸኮለ ጌታ! ሁለት ሦስት ጠረጴዛ ዞር ብሎ ያየዋል። ይዩ። ቡና በዚህ አገር የገበታ መዝጊያ ነው፣ ቡና ያዘዘ ሰው ጠግቤአለሁ፣ አበቃሁ፣ መንገዴን ልቀጥል ማለቱ ነው፣ ኔሬዎ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ አውቆ ነው፣ አንዲት ብርጭቆ ሰጠሽኝ አይደል ፉልቪያ፣ እሷንም አልፈልጋት፣ ስትመጪ ሲኒዬን ገልብጬ ታገኚኛለሽ፣ ማን ማንን እንዳሰናበተ ያኔ እናያለን። ቡናው መጣ። በአንድ ጉንጭ ጠጣው። ባዶ ሆዱ ላይ ወረደ፣ ጥሩ ቡና እንኳ አይደለም፣ ውሃቸው መጥፎ ነው።

ማዶ ደግሞ አንዲቷ ተመርቃለች፣ ጓደኞቿ ራሷ ላይ የቅጠል አክሊል ደፍተውባት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያስነብቧታል፣ እሷኑ የሚሰድብ ግጥም ነው፣ በተሳሳተች ቁጥር ያስጠጧታል፣ ዶክተር ተብዬዋ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ይህች ነገ የሰው ጥርስ ልትነቅል ነው። አባቷ ዳር ቆሟል። ኮቷን ታቅፎ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ አፉን ከፍቶ የሚስቅ፣ ጅል ፊት፣ ሙሉ በሙሉ ጅል። ኔሬዎ ዓይኑን ከሰውዬው ላይ ሊያነሣ ይሞክራል፣ አልነሣ ይለዋል፣ ያ ሰውዬ የሚይዘው ኮት አለው።

አባዬ።

ከኋላው መጣች። ጸጉሯን ተቆርጣለች፣ አንገቷ የኖርማ አንገት ነው፣ ይህን ማንም አላስጠነቀቀውም፣ ይነሣል፣ ወንበሩ ይወድቃል፣ ያነሣል፣ ይሳሳማሉ፣ ጉንጯ ቀዝቅዟል፣ እየሮጠች ነው የመጣችው፣ ቆየሁ አይደል፣ አልቆየሽም እኔ ነኝ የቀደምኩ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ መንገድ ነው፣ እየሳቀች ልትቀመጥ ስትል ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ሲኒው ላይ። ሳቋ እዚያው ይቆማል። ቡና ጠጣህ? ጠጣሁ። በላህ እንዴ? አሁን በላት፣ አልበላሁም በላት፣ ግን አልበላሁም ያለ ሰው አብሊኝ ማለቱ አይደል፣ ስድስት ዓመት ያልለመነ ሰው በስድስተኛው ዓመት በወንበር ጠርዝ ላይ ሆኖ ሊለምን ነው፣ በላሁ ይላል፣ ባቡር ላይ፣ ጥሩ ሳንድዊች ነበር። ሁለተኛው ውሸት ከፊተኛው ቀለለው። እ፣ ትላለች ፉልቪያ። እሺ። ጥሩ።

ተቀመጠች፣ ኮቷን ሳታወልቅ። አንድ ብርቱካንማ ታዛለች፣ የእኔ ልጅ፣ በትሪየስቴ ተወልዳ፣ ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ አቤት ትግል። ጉልበትህስ? ያዘግመኛል። ያ ጣሪያህ? ጠገንኩት። ኢርማ መዋኘት ጀመረች። ጎበዝ። ጣሪያውን ማን ነገራት፣ አንዲት ጎረቤቱ መሆን አለባት፣ ጎን ያሉት መንገደኞች ዝም ብለው ያዳምጣሉ ወይስ ለእሱ መስሎት ነው፣ ቺፕስ እንኳ መንኮሽ አቁመዋል። ፉልቪያ ስልኳን ታወጣለች። ይቅርታ አባዬ፣ ለአልቪዜ አንድ ነገር ልንገረው፣ ሩዙን እሳት ላይ ሳይጥለው። ሩዝ። አልቪዜ፣ እኔ ነኝ፣ ስማ፣ አይ፣ በልቷል፣ ባቡር ላይ በልቻለሁ ነው የሚለው፣ ቡናውንም ጠጥቷል፣ አላውቅም፣ አልነገርኩትማ፣ አዎ፣ በቃ ለሦስታችን፣ ስድስት እፍኝ፣ ሳህኑን አንሣው፣ ለኢርማ አያትሽ አይመጣም ብለህ... እኔ እነግራታለሁ ተወው።

ሳህኑን አንሣው። ሳህን ነበረ። ሳህን ተቀምጦለት ነበር፣ አራተኛ፣ ሹካው ከጎኑ፣ ያ ለፍላፊ ሽንኩርት ከትፎ መረቅ አፍልቶ ምድጃ ፊት ቆሟል፣ ለሰው ሁለት ሁለት እፍኝ እየቆጠረ፣ እንግዳው በር ሳይረግጥ ሩዝ እሳት ላይ አይጣልም፣ እሱን ሲጠብቁ ነው ያልጣሉት፣ ኔሬዎን፣ ቀለም ትጠጣላችሁ ያለውን፣ እና ለምን አልጻፍሽልኝም፣ እራት ብለሽ፣ ይጠይቃታል፣ ድምፁ እንደ ክስ ይወጣል፣ ሌላ ድምፅ የለውም። ስልኩን ከጆሮዋ ሸሸት ታደርጋለች። እራት ብዬ ብጽፍልህ አትመጣም ነበራ። ለአንድ ብርጭቆ ግን ትመጣለህ ብዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንጠጣ፣ ልብህ ይረጋጋ፣ ከዚያ እጅህን ይዤ፣ አለችና ተወችው። ግድ የለም። በልተሃል።

አልበላሁም በል እንጂ አንተ ግትር፣ ምን ይመስልሃል፣ ከሁሉ በላይ ማን ያስቃል መሰለህ፣ እነዚህ በስትሮ የሚመጠምጡት? ያ ኮት የታቀፈው? ከሁሉ የሚያስቀው እዚህ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ነው፣ ሰውን ሁሉ ሲንቅ ውሎ ሆዱ የሚጮኽ፣ አንድ ወይራ የከለከለው ማንም ሳይኖር ወይራ ያልጎረሰ፣ ሳህኑን በገዛ እጁ ያስነሣ፣ ኢርማ አሁን ያቺን ሳህን ወደ ቁም ሳጥን ስትመለስ እያየቻት ይሆናል፣ ለምን አባዬ፣ አያትሽ ጠግቧል፣ ጠግቧል! እሱ መቼ፣ በየት በኩል፣ ፉልቪያ።

አቤት።

ዋሽቼ ነው። ባቡር ላይ አልበላሁም። ምንም አልበላሁም።

ስልኩ ውስጥ የአልቪዜ ድምፅ እየጮኸ ነው፣ ፉልቪያ፣ ኧረ መረቁ አለቀ፣ ስድስት ነው ያልሽኝ፣ ልጣለው? ፉልቪያ አባቷን ታየዋለች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ልታለቅስ ነው ልትሳደብ ነው አይታወቅም፣ ስድስት ዓመት፣ ትለዋለች፣ ስድስት ዓመት አባዬ፣ ይህችን ለማለት፣ ኔሬዎ የሚመልሰው ይፈልጋል፣ አንድ ሹል ነገር፣ ሁልጊዜ ምላሱ ላይ የሚገኝ፣ ርቦኛል ብቻ ይላል፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ስምንት አድርገው አልቪዜ፣ ትላለች ስልኩ ላይ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳታነሣ፣ ቆይ፣ አይ፣ አሥር አድርገው፣ ሰውዬው ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።