ከጎንደር ላሊበላ በግማሽ ሰዓት

ሚስቴ አሰበች ቁጡ ናት። አጫጆቹ የሰሊጡን ነዶ ወርወር አድርገው ፍሬውን ካረገፉት ድምፅዋ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ይሰማል። እኔም «ምነው አንድ ቀን እንኳ ዝም ብትይ» እያልኩ ኖሬያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ።

አጫጆቻችን ከላስታ ወደ ቆላው እርሻችን የሚወርዱ ናቸው። ሥራ አልቆ ሲመለሱ አንድ ልማድ አላቸው። ወንዙን እንደተሻገሩ አለቃቸው ቆሞ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል፤ የተጠራውም «መጣሁ» ይላል። ያልተጠራ ሰው ነፍሱ ቆላ ትቀራለች ባዮች ናቸው። እኔ እስቅባቸው ነበር።

ዘንድሮ አንዱአምላክ የሚባለውን አጫጅ ወባ ጣለው። ጎንደር ወስጄ አሳከምኩት፤ ዳነ፤ ጉልበት ግን አልነበረውም። ከጎንደር ላሊበላ በመኪና ቀኑን ሙሉ ከሚንገላታ በአውሮፕላን ይሂድ አልኩ። በምድር ጥምዝምዙ አያልቅም፤ በሰማይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ኤርፖርት ድረስ ሸኘሁት። ከእርሻው ስናወጣው ትኩሳት ላይ ስለነበር ወንዙን ሲሻገር ማንም አልጠራውም።

በሳምንቱ እናቱ እማማ ታይቱ ደወሉ። ልጃቸው ይበላል፣ ይጠጣል፤ ቢጠሩት ግን አይሰማም፤ ወደ ምዕራብ አፍጥጦ ይውላል። ወንዙ ላይ ስሙን ጠርታችሁት ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። በአውሮፕላን መሄዱን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ነፍስ በእግሯ ነው የምትሄድ» አሉኝ። «ግማሽ ሰዓት የት ታደርሳታለች?»

እኛም ዘንድ ደኅና አልነበረም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከሰሊጡ መሀል የማጭድ ድምፅ ይሰማል፤ ሄደን ስናይ ሰው የለም። አጫጆቹ በዚያ በኩል አናጭድም አሉ። እኔ ፈራሁ፤ አሰበች ተናደደች። ወንዙን ተሻግራ በዚያ ድምፅዋ «አንዱአምላክ፣ ና፣ እናትህ ዘንድ እንሂድ» ስትል፣ እኔ ከወዲህ እንደቆምኩ ከጀርባዬ፣ ሰው ከሌለበት ማሳ፣ «መጣሁ» የሚል ሰማሁ።

ነፍሱን ይዛ በአውቶቡስ ወደ ላስታ ሄደች። አጠገቧ ያለውን ወንበር ሰው አይቀመጥበትም ብላ ከረዳቱ ጋር ስትጨቃጨቅ መዋሏን ራሷ በስልክ ነገረችኝ። የእማማ ታይቱ ደጃፍ ደርሳ ስሙን ስትጠራው ልጁ ቀና ብሎ «መጣሁ» አለና እናቱ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ሰሊጡ መርገፍ ጀምሮ ስለነበር ቶሎ ድረሽ አልኳት። በአውሮፕላን መጣች።

ከመጣች ወዲህ ትሠራለች፣ ትበላለች። ትናንት አንዱ አጫጅ ነዶውን እንዳለ መሬት ላይ ደፋው። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ቁጣዋን ጠበቅን። አሰበች አየችው፤ ምንም አላለችም። ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ቆመች። ስሟን ደጋግሜ ብጠራት አልሰማችኝም።

ዛሬ ጀምበር ስትጠልቅ እማማ ታይቱ ደወሉ።

«ልጄ፣ እደጃችን አንዲት ሴት ትቆጣለች፤ አትታይም» አሉ። «‹ነዶውን ቀስ አርጉት› ነው የምትል።»

ስልኩን ወደ ደጅ እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው። ከሩቅ ሰማኋት። ያቺው የእኔዋ ናት። እዚህ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላለች፤ ዝም እንዳለች።

ሰሊጡ እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን። ነገ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ስንመለስ አጠገቤ ያለውን ወንበር እይዝላታለሁ፤ መንገዱን ሙሉ እኔው ላይ ትቆጣ።