ከቡጢው የቀደመች ድምፅ

አሰልጣኙ የቡጢ መቀበያ ፓዶቹን ከእጆቻቸው አውልቀው አግዳሚው ወንበር ላይ ወረወሯቸው።

«በቃኝ!» አሉ። «ሁክ አትሞክር አልኩህ፤ ሞከርክ። ተው አልኩህ፤ ደገምክ። ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከግድግዳው ጋር የምትሠለጥነው?»

ከፊታቸው የቆመው ቦክሰኛ በጓንቱ ጀርባ የግንባሩን ላብ ጠረገ። ቀን ቀን በአንድ መስታወት ቤት መስታወት ሲቆርጥና ሲሸከም ስለሚውል፣ በሥልጠና አዳራሹ ውስጥ አባቱ ካወጣለት ስም ይልቅ «ቆራጩ» በሚለው ቅጽል ይታወቃል።

«ጋሼ፣ ቁመቴን ያውቁታል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክንዴ አጭር ነው። በቀጥተኛ ቡጢ ብቻ ልግጠም ብል፣ እኔ ሳልደርስበት እሱ ይደርስብኛል። የሚያዋጣኝ ተጠግቶ በሁክ ከጎን መምታት ነው።»

«ተጠግተህ ከጎን ስትመታ አገጭህን ማን ዘንድ አደራ ልታስቀምጥ ነው?»

ገመድ ከሚዘሉት ሠልጣኞች አንዱ ሳቀ። አሰልጣኙ ዞር ሲሉ ሳቁን በሳል ለወጠው።

«ደግሞም ቡጢው ቅርጽ የለውም» ብለው ቀጠሉ። «ሲነሣ አይታይ፣ ሲመጣ አይታይ፤ ድንገት ፓዱ ጠርዝ ላይ ዱብ ይላል። ይህ በዘፈቀደ የተወረወረ ድንጋይ እንጂ ሁክ አይባልም። ክርንህም ክፍት ነው መሰለኝ። ቀኝህን ቀጥ አድርገህ ላክ፤ ግራህን ለጃብ፣ ለፈጣኗ ቀጥተኛ ቡጢ ብቻ ተወው።»

«ሲነሣ የማይታይ ቡጢ ጥሩ ቡጢ አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?»

«ምላስህ ከእጅህ ይፈጥናል። እንግዲህ ለዳኞቹ ምላስህን እናሳያቸዋለን!»

እልህ ተጋብተው ተለያዩ።

እልሁ ያለ ምክንያት አልነበረም። የከተማውን ቡድን አባላት ለመምረጥ የሚደረገው ውድድር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቆራጩ ባለፉት ሁለት ዓመታት በአንድ ዳኛ ድምፅ ብልጫ ወድቋል። ከአራት ወር በኋላ ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል፤ የቡድኑ ደንብ ደግሞ ሠላሳ የሞላውን አዲስ ተመራጭ አይቀበልም። ስለዚህ ይህ የመጨረሻው በር ነበር። በሩ ላይ የሚጠብቀው የሌላ ክበብ ቦክሰኛ ከቁመቱ የተነሣ «ሰንደቁ» የሚባል ሲሆን፣ ክንዱ ከቆራጩ ክንድ አንድ ስንዝር ያህል ይረዝማል። እንዲህ ያለውን ሰው በጃብና በቀኝ ቡጢ ብቻ ግጠም መባል፣ ባሕርን በጭልፋ ጨልፈህ ጨርስ እንደ መባል ሆኖ ታየው። ሆኖም አሰልጣኙ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ፣ አባቱን በቀበረበት ዓመት፣ ጓንት አጥልቀውለት ያቆሙት ሰው ናቸው። እሳቸውን ጥሎ ወደ ሌላ ክበብ መሄድ በሐሳቡ እንኳ አልመጣም።

በማግሥቱ ቆራጩና የሥራ ባልደረባው ለአንድ ልብስ መደብር የታዘዘ ትልቅ መስታወት ከመጋዘን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጡ። እንዲህ ያለውን መስታወት ሁለት ሰው ይሸከመዋል። እንዳይጫር በወረቀት ስለሚጠቀለል፣ ከኋላ ያለው ሰው ከወረቀቱ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ የፊተኛው ሰው ከመታጠፉ ጥቂት አስቀድሞ «ሆፕ!» ይላል፤ የኋለኛው ድምፁን ሰምቶ ትከሻውን ያዘጋጃል። ቆራጩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፊተኛው ሰው ነበር፤ ባልደረባውም ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አምኖ ተከትሎታል።

«ዛሬ ሆፕ ስትል ራሱ ያኮረፍክ ትመስላለህ» አለው ባልደረባው፣ መስታወቱን ግድግዳው ላይ ካስደገፉ በኋላ። «ከሽማግሌው ጋር ደግሞ ተጣላችሁ?»

«ሁክ አትምታ ይሉኛል።»

«ታዲያ አትምታ። እኔ ሚስቴ አትናገር ካለችኝ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ምን ሆንኩ? ወፈርኩ!»

ይህን ሲባባሉ አሰልጣኙ ራሳቸው ገቡ። የአዳራሹ አንድ መስኮት ተሰብሮ ኖሮ፣ ልኩን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ይዘው ነበር። ቆራጩ በስተቀኛቸው፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል። የትናንቱ ቅሬታ ስላልለቀቀው አፉን ሳይከፍት ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አሰልጣኙ አጸፋውን አልመለሱም፤ ለባልደረባው ልኩን ማንበብ ጀመሩ።

ቆራጩ ደሙ ፈላ። ነገር ግን የመናቅ ነገር ከሰውየው ጠባይ ጋር አልገጥም አለው። የያዘውን መወልወያ ጨርቅ ከፍ አድርጎ በቀኝ ጆሯቸው ትይዩ ቀስ ብሎ አወዛወዘው። ባልደረባው በድንጋጤ ዓይኑን አፈጠጠ፤ አሰልጣኙ ግን ቅንድባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ልኩን አንብበው ጨረሱና ሊወጡ ሲዞሩ፣ ቀኝ ትከሻቸው ከእንጨት መደርደሪያው ጋር ተላተመ።

«ይህን ነገር እዚህ ያቆማችሁት ዛሬ ነው?»

«ዐሥር ዓመቱ ነው፣ ጋሼ» አለ ባልደረባው።

አሰልጣኙ ትከሻቸውን እያሻሹ ሙሉ ፊታቸውን ወደ ቀኝ ሲመልሱ ከቆራጩ ጋር ተፋጠጡ።

«አንተ! እዚህ ነህ እንዴ? ኩርፊያው ሰላምታም አስረሳህ? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁህ?» ብለው እየተቆጡ ወጡ።

ቆራጩ በእጁ የያዘውን መወልወያ ጨርቅ ተመለከተ። ግራ ቡጢው ዘወትር የሚመጣው በአሰልጣኙ ቀኝ በኩል ነው። «ቅርጽ የለውም» የተባለው ሁክ ቅርጹን ያጣው በእርሱ ክንድ ላይ ሳይሆን በእሳቸው ዓይን ውስጥ ነበር።

«ንገራቸው እንጂ» አለ ባልደረባው።

«ምን ብዬ? አንተ አባትህን ዓይንህ አያይም ትለዋለህ?»

«ባትነግራቸውስ የሚጎዳው ማን ነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው የምትሸከመውን አንተ ታውቃለህ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከሥራ በኋላ ቆራጩ አዳራሽ ገብቶ ከፓዶቹ ፊት ቆመ። አስቦ ያዘጋጀው ዘዴ አልነበረውም። ጃብ ላከ፤ ቀኙን ቀጥ አድርጎ ላከ፤ ከዚያም ለግራ ሁክ ወገቡን ሊያዞር ሲል፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልማዱ ከጉሮሮው ወጣች።

«ሆፕ!»

አሰልጣኙ ድምፁን እንደ ሰሙ ቀኝ ፓዳቸውን ወደ ውስጥ መለሱት። ቡጢው መሐሉ ላይ አረፈ፤ ጥራቱን የጠበቀ ጯ የሚል ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ደግመው ሞከሩት፤ እንደገና መሐሉ ላይ አረፈ።

«ይኸው! ይኸው!» አሉ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በርቶ። «ክርንህን ሰብስብ አላልኩህም? ስትሰበስበው ተስተካከለ! ከታላቅ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው!»

ቆራጩ ክርኑን ከቦታው አላነቃነቀውም ነበር።

«አዎ፣ ጋሼ» አለ። «ተስተካከለ።»

ጠቡ በረደ። አሰልጣኙ ሁኩን ለውድድሩ ፈቀዱለት፤ እንዲያውም «ይህ ሁክ የእኔ ሥራ ነው» እያሉ ለሌሎቹ ሠልጣኞች ማሳየት ጀመሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በቀን መቶ ጊዜ፣ ድምፅዋ ቀደመች፤ ቡጢውም ተከተላት። በመጨረሻ ቆራጩ ድምፁን ማውጣቱን ራሱም መስማት አቆመ።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ነገሩ ገና ከመጀመሪያው ዙር ጠመመ። ቆራጩ ከሰንደቁ ረጃጅም ክንዶች ሥር ሾልኮ በተጠጋ ቁጥር፣ ሰንደቁ ቡጢው ሳይነሣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ሁኩ አየር ይቀዝፋል፤ በምላሹ ጃብ ይቀበላል። በሁለተኛው ዙር ሰንደቁ በጥርስ መከላከያው ውስጥ ፈገግ ማለት ጀመረ። ደወሉ ሲደወል የቆራጩ ግራ ቅንድብ አብጦ ነበር።

አሰልጣኙ በርጥብ ስፖንጅ ፊቱን እያጠቡ፣ «ምንድን ነው የምትለው?» አሉት።

«ምን አልኩ?»

«ሆፕ ትላለህ! ቡጢው ሳይነሣ ሆፕ ትላለህ! ይህ ረጅም ሰው እኮ ጆሮ አለው!»

ስፖንጁ ግንባሩ ላይ ቆመ።

«ፓድ ላይም ትላታለህ» አሉ አሰልጣኙ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ… ሁክህ ከተስተካከለበት ቀን ጀምሮ። ለእኔ ነበር?»

«እንዲይዙት ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

አሰልጣኙ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ ሪንጉ መብራት ቀና አሉ፤ ጥቂት ቆይተው መዳፋቸውን አወረዱ።

«ዓይኔ ደከመ እንጂ ጠፋ አላልኩም ነበር» አሉ ለራሳቸው። ከዚያም ሰዓት ያዡ ዐሥር ሰከንድ መቅረቱን ሲያስታውቅ የቆራጩን አንገት ይዘው ሳቡት። «ስማኝ። ድምፅዋን አትተዋት። ሆፕ በል፤ እሱ ግራህን ሲጠብቅ ቀኝህን ቀጥ አድርገህ ላክ።»

«የእርስዎን ቀኝ?»

«የእኔን ቀኝ። ሲደነግጥ ደግሞ ያንተን ግራ፤ ጭጭ ብለህ!»

በሦስተኛው ዙር ቆራጩ ተጠጋና «ሆፕ!» አለ። ሰንደቁ ቀኝ ጉንጩን ሊሸፍን ጓንቱን ወደ ጎን ሲወስድ፣ በተከፈተው ቦታ ቀጥተኛ ቀኝ ቡጢ ገባ። ረጅሙ ሰው እግሩ ተሳሰረ፤ ጓንቶቹን ወደ መሐል ሰበሰበ። ያን ጊዜ ሁኩ ያለ ድምፅ መጣ። ሰንደቁ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ የሪንጉ ዳኛ እስከ ስምንት ቆጠረለት። ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ደወል ሲሸሽ ቆየ።

ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ለቆራጩ ፈረደ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች መዝነው ለሰንደቁ ፈረዱ።

በልብስ መቀየሪያው ክፍል አሰልጣኙ የቆራጩን የእጅ መጠቅለያ ጨርቅ ይፈቱ ጀመር።

«እኔ ነኝ የጣልኩህ» አሉ።

«እኔም ብናገር ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ያን ቀን መስታወት ቤት ልናገር ነበር። ኩርፊያው ሰላምታ አስረሳህ ብለው ሲቆጡ አቃተኝ።»

የአሰልጣኙ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። «ሰላም ብለኸኝ ነበር?»

«ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ፎጣውን ከትከሻቸው አንሥተው ፊታቸው ላይ ጣሉት። ቆራጩ ወደ ግድግዳው ዞሮ ጫማውን ሳይቸኩል አሰረ፤ የታሰረውንም ፈትቶ እንደገና አሰረ።

«ሰኞ ና» አሉ ከፎጣው ሥር።

«ለምን ጋሼ? የእኔ እኮ አለቀ።»

«የእኔ አላለቀም። ከአንተ በኋላ ስንቱን አጭር ሰው ሁክ አትምታ ስለው ልኖር ነው?»

ሰኞ ዕለት አሰልጣኙ ሠልጣኞቹን ሁሉ ሰብስበው፣ «ቀኝ ዓይኔ አያይም፤ በዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ድምፁን ያሰማ» አሉ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። ከዚያም ፓዶቹን አጠለቁና፣ በአርባ ዓመት የሥራ ዘመናቸው ቆመውበት በማያውቁት አቋም ቆሙ፤ ቀኝ እግራቸውን ወደ ኋላ ስበው፣ ግራ ዓይናቸው የቀኙን ሜዳ እንዲጠብቅላቸው ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ።

«አንተ ግን ድምፅ እንዳትሰጠኝ» አሉት ቆራጩን።

ድምፅዋን ለማፈን ጥርሱን መንከስ ነበረበት። የመጀመሪያው ሁክ የእጅ አንጓቸውን መታ። «ድገም» አሉ። ሁለተኛው የፓዱን ጠርዝ ጨረፈ። «ድገም!» ሦስተኛው መሐሉ ላይ አረፈ፤ ጯ አለ። ቆራጩ ሳቁ አመለጠው።

አሰልጣኙ ግን አልሳቁም።

«አሁን በሚገባ አየሁት» አሉ። «ክርንህ ይከፈታል።»

«አይከፈትም፣ ጋሼ።»

«በዓይኔ በብረቱ አየሁት እያልኩህ! ጎተራ የሚያስገባ በር ነው የከፈትከው!»

ቆራጩ ጎንበስ ብሎ ክርኑን ተመለከተ። በእርግጥም ከጎኑ አንድ ስንዝር ርቆ ነበር።

«ድገም» አሉ አሰልጣኙ።

ቆራጩ ክርኑን ሰበሰበ፤ እሳቸው ከሚፈልጉት ግማሹን ያህል ብቻ።