ያልመረረው ወተት

ወተቱ አልመረረም። እናትየው ይህን ያወቀችው ልጇ ወተት ማምጣት በጀመረች በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ ባሏ ጠጥቶ የሄደበትን ጠርሙስ ልታጥብ ስትል፣ ከታች የቀረችውን ወተት ቀመስ ካደረገች በኋላ ነው። ሊመር ይገባው ነበር።

ልጇ የምትሠራው በወተት ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። «እማዬ፣ የወተትን ፕሮቲን እንደ ረጅም ዶቃ አስቢው» ብላ አስረድታታለች። «ኢንዛይሙ መቀስ ነው። ከሚቆራርጣቸው ቁራጮች አንዳንዶቹ የደም ሥር እንዳይጠብ ያደርጋሉ፤ ግፊትን ይቀንሳሉ ብለን እየሞከርን ነው።» እናትየው አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች ናትና ገብቷት ነበር። ያን ጊዜ ከተቆራረጠው አንድ ማንኪያ አቅምሳት መራራነቱ ፊቷን ጭምድድ አድርጎት ነበር። ባሏ ግን በየጠዋቱ «ልጄ የሠራችልኝ መድኃኒት» እያለ ግጥም ያደርገዋል።

ለልጇ ስልክ ደወለች።

«ያመጣሽልን ወተት የትኛው ነው?»

«ማነጻጸሪያው ነዋ፤ መቀስ ያልነካው። ተርፎ ነው፣ ለቁርስ ጠጡት አላልኩም?»

«አባትሽ ለደም ብዛቱ ነው የሚጠጣው።»

«ኪኒኑንስ?»

እናትየው መሳቢያውን ሳበች። ከአስራ ሁለት ቀን በፊት የተገዛው እሽግ አንድም ፍሬ አልጎደለበትም።

«የተቆራረጠው እንኳ ቢሆን ኪኒን አይተካም እኮ፣ እማዬ። መጣሁ።»

ለባሏ ሦስት ጊዜ ደወለችለት፤ አላነሳም። በቃ፣ ወድቋል አለች በልቧ። ፎጣ፣ የሌሊት ልብሱንና መታወቂያውን በቦርሳ ጨመረችና ወጣች፤ ጫማዋን መቀየር መርሳቷ መንገድ ላይ ነው ትዝ ያላት።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ስትገባ ቆሞ፣ የሰፈሩን ልብስ ሰፊ አገጭ ቀና አድርጎ ይላጨዋል። ግማሹ ፊት ጠርቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው።

«ሬዲዮ መጣች» አለ። ክፉ ወሬ ቀድማ ስለምታመጣ ያወጣላት ስም ነው። «ዛሬ ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም። ስልክ ለምን አታነሳም?»

«ሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዤ?»

«የምትጠጣው ወተት ተራ ወተት ነው።»

ምላጩን አስቀመጠ። «ሻል ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ኪኒኑን ለምን ተውከው?»

«ያስለኛል» አለ። «ደረቅ ሳል። ድንገት ነው የሚመጣው። ባለፈው ወር የሰው ጆሮ ልቆርጥ ነበር።»

«የእኔን ነው» አለ ልብስ ሰፊው ከአረፋው ውስጥ። «ወዳጅነት ይዞኝ ዝም አልኩ፣ እትዬ።»

የባሏን ክርን ይዛ ወሰደችው። ክሊኒኩ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ነርሷ ግፊቱን ሁለት ጊዜ ለካች፤ መቶ ሰባ ሁለት በመቶ ስድስት።

«ሊወድቅ ነው?» አለች እናትየው።

«አሁን ቆሞ እየሄደ ነው የመጣው፣ እናት። ይቀመጡ።»

ሐኪሙ ስለ ኪኒኑ ጠየቀ፣ ስለ ደረት ሕመም ጠየቀ፣ ደረቱን አዳመጠ። ሳሉን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህ ኪኒን ብዙ ሰው ያስላል። የማያስል ዓይነት አለ። ለምን አልነገሩንም?»

«ሐኪም ለሳል ይጨነቃል ብዬ አላሰብኩም» አለ ባል። እናትየው ዓመት ሙሉ የፈራችው መውደቅ አንድ ቃል ባለመናገሩ ሊመጣ እንደነበር ስትሰማ ልትቆጣው ፈለገች፤ ውሃ ግን ቀዳችለት።

አዲሱን ኪኒን እዚያው ዋጠ። ልጅቷ ሱቁ ጠይቃ፣ ነጭ ጋወኗን ሳታወልቅ እያለከለከች ደረሰች።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ነበረብኝ።»

«ተይ እንጂ። ማነጻጸሪያው እኔ ሆኜ ነው።»

የሳቀችው ነርሷ ብቻ ናት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ግፊቱ ትንሽ ወረደ። ሐኪሙ ዛሬ እንዳይሠራ፣ በሦስተኛው ቀን እንዲመለስ፣ የሚሰማውንም ሁሉ እንዲናገር ነግሮ ለቀቃቸው። ልጅቷ እራት ልትሠራ ወደ ቤት ቀደመች።

ሲመሽ ሱቁን ሊዘጉ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ነው፤ አረፋው ፊቱ ላይ ደርቋል።

«በዚህ ፊት እንዴት ብዬ ልውጣ፣ ጋሼ?»

ባል ወደ ምላጩ እጁን ሰደደ፤ እናትየው ቀደመችው።

«አትሠራም ተብለሃል።»

«ግማሽ ፊት ሥራ ነው?»

«ነው።»

ልብስ ሰፊው ምላጩን ከእጇ ተቀብሎ መስታወቱ ፊት ቆመ። ባለ ሱቁ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመራው ጀመር፤ «ቆዳውን ሳብ... ወደ ታች... ልብስ መስሎህ ነው?» እናትየው የምታየው የባሏን ፊት ነው፤ የከንፈሩን ጫፍ፣ የሚናገርበትን አፍ፣ የተጣመመ ነገር ይኖር እንደሆነ። አልነበረም።

ልብስ ሰፊው አገጩ ላይ አንዲት ትንሽ ጭረት ይዞ ወጣ። ባል መብራቱን አጠፋ።

«ሳሉ በአዲሱም ቢመጣስ?»

«ትነግረኛለህ።»

«ለሬዲዮ?»

«ለሬዲዮ።»

በሩን ገጠመችና ቁልፉን ሁለቴ አዞረች።