የማክሰኞ ኩርፊያ

ሹፌሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ያኮርፋል። ጥፋተኛዋ ሁልጊዜ ሚስቱ ናት፤ ጥፋቱን የምትሠራው ግን እሱ ተኝቶ ሳለ፣ በሕልሙ ነው።

አንዱ ማክሰኞ ከሰፈሩ ሰዓት ጠጋኝ ጋር ኮበለለች። በሌላው ደግሞ አውቶቡሱን ሸጠችበት።

"የመሥሪያ ቤቱን አውቶቡስ?" አለች፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ክር እያስገባች። "ለማን?"

"ለወንድምሽ!"

መጀመሪያ ትከራከር ነበር። ክርክሩ ቁርስ እንደሚያቀዘቅዝ ስታይ ግን "እሺ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ የኔ ጌታ" ማለት ጀመረች። እሱም ይቅር ይልና ሻዩን ይጠጣል። በዚህ ዓይነት ቤቱ ሦስት ወር ሰላም ሰነበተ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከባሏ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው ትኬት ቆራጭ በሯን አንኳኳች።

"አውቶቡሱን እስኪያሳጥብ ቀድሜው ነው የመጣሁት። እህቴ፣ ነገር ማመላለስ አልወድም።"

"ግቢና ቁጭ ብለሽ አመላልሺ።"

"ዛሬ ድልድይ መሐል አቆመን። 'ድልድዩ እየተወዛወዘ ነው' አለ። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ተሻገረ። ድልድዩ እንደሆነ ንቅንቅ አላለም። የሚንቀጠቀጠው የሱ እጅ ነው።"

ሚስት ከመቀመጫዋ ተነሣች። እስከዚያች ደቂቃ የታመመው ትዳሯ ይመስላት ነበር። ባሏ ወባ የበዛበት መስመር ላይ ከተመደበ ጀምሮ መከላከያ ክኒን ይሰጡታል፤ የሚውጠው በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ ከእራት በኋላ ነው። ከክኒኑ ጋር የመጣውን ወረቀት አራት አጥፎ ከሚነቃነቀው የጠረጴዛ እግር ሥር ወሽቆታል። ጎትታ አወጣችው። ቅዠት፣ ጭንቀት፣ ጥርጣሬ፣ ማዞር፤ ሁሉም በጥቃቅን ፊደል ተደርድሯል። ሰውየው ጠረጴዛውን አርግቶ ቤቱን አናግቷል።

በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

"እንቅልፍዎ እንዴት ነው?" አለች ሐኪሟ።

"እንደ ድንጋይ።"

"ድንጋይ!" አለች ሚስት። "ዶክተር፣ በዚህ ወር ብቻ ሁለቴ ኮብልያለሁ፤ እናቱን ከጣራ ገፍትሬያለሁ። የድልድዩን ራስህ ንገራቸው።"

እሱ አቀረቀረ። "ከተናገርኩ መሪውን ይነጥቁኛል።"

"ሃምሳ ሰው ይዘህ ገደል ከምትገባ ይንጠቁህ። አንተን ግን እኔ አልነጠቅም።"

ሐኪሟ ሁሉን ሰማች። "የድሮ መድኃኒት ነው። ለብዙ ሰው ይስማማል፣ አንዳንዱን ግን እንዲህ ያደርገዋል። ያቁሙት፣ ሌላ እሰጥዎታለሁ። ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ግን እኔ ሳላይዎት መሪ እንዳይጨብጡ፤ ለመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ እጽፋለሁ።"

በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አለ።

"ታዲያ ከሰዓት ጠጋኙ ጋር ምንም አልነበረም?"

"አንተ ሰውዬ!"

"ይቅርታ ጠየቅሽኝ እኮ። ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል? እኔም በዚያ ነው ያመንኩት።"

ለሰላም ብላ የወረወረችው ቃል ሦስት ወር ሙሉ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ኖሯል።

"አልነበረም" አለች ክንዱን ይዛ። "ሰዓትም የለኝ።"

ወደ ቤት በሌላ ሹፌር አውቶቡስ ተሳፈሩ። መስኮት ዳር ተቀምጦ በየመታጠፊያው ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጫማዋን አውልቃ እግሯን እግሩ ላይ አሳረፈች፤ ሲረግጥ አብራው ረገጠች።